የፊት ፍሬን ሸራና ዲስክን በቤት መለወጥ፦ ሥራው፣ ምክንያቱና ድንበሩ

በመካኒካል ምህንድስና ትምህርት ክፍል ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ



ለዛሬው ምሽት የመረጥነው ርእስ ለእንዲህ ያለ አዳራሽ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። የፍሬን ሸራ መለወጥ የጋራዥ ሥራ እንጂ የገለጻ ርእስ ነው ወይ የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን አንድ ሰው በገዛ መኪናው ላይ በገዛ እጁ ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ይህ ሥራ የተለየ ቦታ አለው። የሞተር ዘይት ሲለውጥ የተሳሳተ ሰው ሞተሩን ያበላሻል፤ ዕዳውንም ራሱ ይከፍላል። ፍሬን ሲሠራ የተሳሳተ ሰው ግን ዕዳውን የሚያስከፍለው መንገድ በማቋረጥ ላይ ያለን ሕፃን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ የባለመኪናው ብቻ አይደለም።

በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ይሰማሉ። አንደኛው «ፍሬን ነው፤ ከመካኒክ በቀር ማንም አይንካው» ይላል። ሁለተኛው «ጥቂት ብሎኖች ፈትቶ መግጠም ነው፤ ምን ይከብዳል?» ይላል። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። ሥራው ትክክለኛ መሣሪያ ካለውና ከማይቸኩል ሰው ዐቅም በላይ አይደለም። ሆኖም ቅደም ተከተሉን በቃል መያዝ ብቻ አይበቃም፤ የእያንዳንዱን እርምጃ ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው፣ ፊቱ ያለው ነገር ከተማረው ሲለይ ልዩነቱን አያስተውልምና። በመሆኑም በመጀመሪያ ስለ ሙቀት፣ ቀጥሎ ስለ ክፍሎቹ፣ ከዚያም ስለ ሥራው፣ በመጨረሻም ሥራው ስለሚቆምበት ድንበር እናገራለሁ።

፩. ፍሬን ምን ይሠራል?

ፍሬን መኪናን ያቆማል ብንል እውነት ነው፤ ግን ገና አልገለጽነውም። ፍሬን የመኪናን የእንቅስቃሴ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል። ጉልበት አይጠፋም፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ። ሁለት ሰው የጫነች 1,300 ኪሎ ግራም የምትመዝን የቤት መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትጓዝ ወደ 320 ሺህ ጁል የሚጠጋ የእንቅስቃሴ ጉልበት ይኖራታል። ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለማሰብ የቡና ጀበናን እናስብ። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ አምጥታችሁ እዚህ ብታፈሉት ውኃው የሚወስደው ሙቀት ወደ 300 ሺህ ጁል ነው። እንግዲህ ጀበናውን በከሰል ላይ ብዙ ደቂቃ የሚያስቆየውን ሙቀት ፍሬናችሁ በአራት ሰከንድ ገደማ ይቀበላል ማለት ነው።

መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ያጋድላል። ከዚህም የተነሣ በቤት መኪኖች ላይ ከማቆም ሥራው ከግማሽ በላይ፣ ብዙ ጊዜም 70 በመቶ የሚሆነው በፊት ጎማዎች ይከናወናል። የፊት ሸራ ከኋላው ቀድሞ የሚያልቀው፣ የፊት ዲስኮችም በመካከላቸው የአየር መተላለፊያ ክፍተት ኖሯቸው የሚሠሩት ስለዚህ ነው። ሁለቱ የፊት ዲስኮች በአንድነት 12 ኪሎ ግራም ብረት ቢሆኑ፣ ከላይ የተባለው አንድ ማቆም የብረቱን ሙቀት 40 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ይህ ከባድ አይደለም፤ ነፋሱ ወዲያው ያበርደዋል።

አሁን ይህችኑ መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እናውርዳት። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። 1,000 ሜትር ብቻ ብንይዝ እንኳ መኪናዋ የምታጣው የከፍታ ጉልበት 12.7 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህም ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አርባ ጊዜ ከማቆም ጋር ይስተካከላል። ሹፌሩ ማርሹን ከፍ አድርጎ ፍሬን ብቻ እየያዘ ቢወርድ፣ ነፋስም ምንም ባያበርድ፣ በፊት ዲስኮቹ ላይ የሚያርፈው ሙቀት ብረቱን ለማቅለጥ በበቃ ነበር። ነፋሱ አብዛኛውን ስለሚወስደው ብረት አይቀልጥም። ይሁን እንጂ ሸራው ይነዳል፤ ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ያወጣል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይታመቃል፤ ፔዳሉም ወለሉ ድረስ ይሰምጣል። ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ የሚባለው ለዚህ ነው። አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ የማርሽን ሥራ አይተኩም።

የምንኖርበት ከፍታም በዚህ ላይ ድርሻ አለው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ ዲስክን የማብረድ ዐቅሙም ያንሳል። ፔዳሉን የሚያቀልልን የፍሬን ማገዣም የሚሠራው በከባቢው አየር ግፊትና በሞተሩ ስበት መካከል ባለው ልዩነት ነው። ግፊቱ እዚህ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ገደማ ስለሚያንስ እገዛውም ያንሳል። ይህን የምነግራችሁ ለማስፈራራት አይደለም። በባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ መመሪያ «ይህን ያህል ይበቃል» ሲል እኛ ያንን ልክ ታችኛው ድንበር አድርገን እንድንይዘው ነው።

፪. ክፍሎቹ

የዲስክ ፍሬን ሐሳብ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር በ1902 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። በዓለም ፊት ስሙ የገነነው ግን በ1953 በፈረንሳይ በሚካሄደው የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ዲስክ ፍሬን የተገጠመለት ጃጓር ሲያሸንፍ ነው። ዛሬ በመንገዶቻችን ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ የቤት መኪኖች ቢያንስ በፊት እግራቸው ዲስክ አላቸው።

ጎማው ሲፈታ የሚታየው ይህ ነው። በሞዞው ላይ የተቀመጠው ክብ ብረት ዲስኩ ነው፤ ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል። ዲስኩን እንደ መቆንጠጫ ከሁለት ወገን የያዘው ካሊፐር ነው፤ እርሱ አይዞርም። በካሊፐሩ ውስጥ፣ በዲስኩ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ሸራዎች አሉ፤ አንዳንዶች ፓድ ይሏቸዋል። በተለመዱት የቤት መኪኖች ካሊፐሩ አንድ ፒስተን ብቻ ያለው ሲሆን ፒስተኑ በውስጥ በኩል ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል፤ ካሊፐሩም በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራትቶ የውጩን ሸራ ይስባል። እነዚህን ሁለት ፒኖች አትርሷቸው። ቤት ውስጥ ከሚሠሩ የፍሬን ሥራዎች ብዙዎቹ የሚበላሹት ፒኖቹ ስለሚዘነጉ ነው።

ፔዳሉ ሲለቀቅ ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚመልሰው ምንጭ ሽቦ አይደለም። በፒስተኑ ዙሪያ ያለ አራት ማዕዘን ጎሚኒ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ጎሚኒው በጥቂቱ ይጣመማል፤ ሲለቀቅ ወደ ቅርጹ ይመለሳል፤ ፒስተኑንም ይዞት ይመለሳል። ርቀቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በሸራና በዲስክ መካከል ያለው ክፍተት በዐይን የማይለየው ስለዚህ ነው፤ አንዲት ቅንጣት ዝገት ብዙ ጉዳት የምታደርሰውም ስለዚህ ነው።

፫. ሳይፈቱ መመርመር

ሸራ ማለቁን የሚነግሩ ምልክቶች አሉ። በብዙ ሸራዎች ላይ የተገጠመች ቀጭን የብረት ምላስ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን ትነካና ቀጭን ፉጨት ታሰማለች። ፉጨቱ ተንቆ ወደ ማፋጨት ድምፅ ከተለወጠ ሸራው አልቆ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው። የፍሬን ዘይት በማጠራቀሚያው ውስጥ ቀስ በቀስ ዝቅ ማለቱም ሸራው መሳሳቱን ሊያመለክት ይችላል፤ ፒስተኑ ወደ ፊት በወጣ ቁጥር ከኋላው የሚተወውን ቦታ ዘይት ይሞላዋልና። ስለዚህ ዘይት ሲጎድል ምክንያቱን ሳይመረምሩ መሙላት መልካም ልማድ አይደለም።

አዲስ ሸራ ከብረት ጀርባው ውጭ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መለወጥ ጥንቃቄ ነው። የዲስክ ልክ ደግሞ በራሱ በዲስኩ ላይ ተቀርጿል። ዝቅተኛው ውፍረት በዲስኩ ጠርዝ ወይም በመካከለኛው ባርኔጣ ላይ በሚሊ ሜትር ተጽፎ ይገኛል። ለምሳሌ አዲስ ሳለ 25 ሚሊ ሜትር የነበረ ዲስክ ዝቅተኛው 23 ተብሎ ቢጻፍበት፣ የሚፈቀደው ብልት ከሁለቱ ወገን ተደምሮ ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሲለኩ ጠርዙ ላይ ያልተበላውን ከንፈር አብረው እንዳይለኩ መጠንቀቅ ያሻል፤ ከንፈሩ የተበላውን ዲስክ ወፍራም አስመስሎ ያሳያል።

ሸራና ዲስክ ሁልጊዜ በግራና በቀኝ ጥንድ ሆነው ይለወጣሉ። አንዱ ብቻ ቢለወጥ ሁለቱ ጎማዎች እኩል አይይዙም፤ መኪናውም ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል።

፬. መኪናውን ማንሣት

በዚህ ሥራ ሰው የሚሞትበት የመጀመሪያው አጋጣሚ መንገድ ላይ አይደለም፤ ግቢ ውስጥ ነው። መኪናው ደረቅና ደልዳላ በሆነ መሬት ላይ ይቁም። የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ለኋላ ጎማዎች ታኮ ይደረግ። የጎማው ዳዶዎች መኪናው ገና መሬት ላይ ሳለ በጥቂቱ ይላሉ። ከዚያ በኋላ ክሪኩ አምራቹ ባመለከተው የማንሻ ቦታ ገብቶ ይነሣ፤ ወዲያውም ካቫሌቶ ይደገፍበት።

ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጅም እግርም አይገባም። በብሎኬት መደገፍም አይቻልም፤ ብሎኬት ባዶ ውስጥ ያለው ነገር ስለሆነ በአንድ ነጥብ ሲጫኑት ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል። ድንጋይ ይንሸራተታል፤ ይሰነጠቃልም። የተፈታውን ጎማ ከመኪናው ሥር ማስተኛት እንደ ተጨማሪ ጥንቃቄ መልካም ነው፤ የካቫሌቶን ቦታ ግን አይተካም።

፭. መፍታት

አንዱን ወገን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። ያልተፈታው ወገን፣ የተፈታው እንዴት እንደነበረ የሚያሳይ ማስታወሻ ይሆናችኋል። መሪው ወደሚያመች ወገን ቢዞር የካሊፐሩ ብሎኖች ይጋለጣሉ።

ከሁሉ በፊት የፍሬን አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር አታቡንኑት። በቀደሙት ዘመናት የተሠሩ ሸራዎች አስቤስቶስ ነበራቸው፤ የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ያመጣል። አንድን አሮጌ ሸራ በዐይን አይቶ አስቤስቶስ የለበትም ማለት አይቻልም።

ቀጥሎ የካሊፐሩ ሁለት ብሎኖች ይፈታሉ፤ ካሊፐሩም ይነሣል። በቱቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ወዲያው በሽቦ ከምንጩ ጋር ይታሰር። ቱቦው የተሠራው ዘይት ለማስተላለፍ እንጂ ብረት ለመሸከም አይደለም፤ ውስጡ ቢቀደድ ከውጭ አይታይም።

ሸራዎቹ ሲወጡ አትጣሏቸው፤ አንብቧቸው። የውስጡና የውጩ ሸራ እኩል ከተበሉ ካሊፐሩ ጤነኛ ነው። የውስጡ አልቆ የውጩ ወፍራም ከሆነ ፒኖቹ ተጣብቀው ካሊፐሩ አልተንሸራተተም፣ ወይም ፒስተኑ በሚገባ አልተመለሰም ማለት ነው። አንድ ሸራ በአንድ ጫፉ ብቻ ከተበላ በመቀመጫው ላይ ተሰንጎ ነበር። ይህን ሳይመረምር አዲስ ሸራ የገጠመ ሰው ሕመሙን ትቶ ልብሱን እንደለወጠ ነው፤ አዲሱም ሸራ በዚያው መንገድ ያልቃል።

ዲስኩን ለማውጣት የካሊፐሩ ተሸካሚ በሁለት ትልልቅ ብሎኖች ስለታሰረ እርሱም ይፈታል። ዲስኩ በዝገት ተጣብቆ እምቢ ቢል በብዙ መኪኖች ዲስክ ላይ ሁለት ጥርስ የተበጀላቸው ቀዳዳዎች ይገኛሉ። በልካቸው የሆኑ ብሎኖች ገብተው በየተራ ጥቂት ጥቂት ሲጠብቁ ዲስኩን ከሞዞው ገፍተው ያላቅቁታል። በመዶሻ አብዝቶ መምታት የሞዞውን ኩሽኔታ ይጎዳል።

፮. ሞዞውን ማጽዳት

አሁን ወደምትዘለለው፣ ግን ዋና ወደሆነችው እርምጃ ደርሰናል። ዲስኩ የሚያርፍበት የሞዞው ገጽ ብዙ ጊዜ ዝገት አለበት። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪገለጥ ድረስ ይጽዳ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዲስክ ሲዞር ወደ ጎን ሊወዛወዝ የሚፈቀድለት ብዙውን ጊዜ ከ0.05 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ይህም ከአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት የማይበልጥ ነው። ሞዞው ላይ የቀረች ቅንጣት ዝገት ወደ ዲስኩ ጠርዝ ስትደርስ ውዝዋዜዋ እየሰፋ ይሄዳል።

የሚወዛወዝ ዲስክ በመጀመሪያው ቀን ምንም አያሳይም። ነገር ግን በዞረ ቁጥር፣ ፍሬን ሳይያዝም፣ በአንድ ቦታው ሸራውን ይዳስሳል። ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ያ ቦታ ከሌላው ይሳሳል። የዚያን ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ፔዳሉ እግር ሥር ይመታል፤ መሪውም ይንቀጠቀጣል። ባለመኪናው «ዲስኩ ተጣመመ፤ ዕቃው ፎርጂድ ነበር» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ዲስኩ አልተጣመመም፤ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ ተለያየ እንጂ። ዕዳው በሻጩ ላይ ቢነገርም መነሻው ያልተጠረገ ዝገት ሊሆን ይችላል።

፯. መግጠም

አዲስ ዲስክ ዝገት እንዳይዘው ዘይት ተቀብቶ ይመጣል። ይህ ዘይት ለፍሬን በተዘጋጀ ማጽጃ ወይም በሞቀ ውኃና በሳሙና ታጥቦ በሚገባ ይድረቅ። ቤንዚን አይመከርም፤ ሊቃጠል ይችላል፣ ቅባትም ይተዋል። ከዚህ በኋላ የዲስኩንም ሆነ የሸራውን ማሻሻ ገጽ በቅባታም እጅ መንካት አይገባም።

አዲሱ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ፒስተኑ ወደ ውስጥ መመለስ አለበት። አሮጌውን ሸራ በፒስተኑ ላይ አድርጎ በሞርሴቶ በቀስታ መግፋት ነው። የሚገፋው ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው ስለሚመለስ ክዳኑ ቀድሞ ይከፈት፤ ሞልቶ የሚፈስ ከሆነ በመርፌ መሳቢያ ይቀነስ። የፍሬን ዘይት የመኪና ቀለም ይበላል፤ የፈሰሰ እንደሆነ ወዲያው በውኃ ይታጠብ። ፒስተኑ በመጠነኛ ጉልበት አልገባም ካለ፣ ወይም በዙሪያው ያለው ጎማ ተቀዶ ዘይት ካረጠበው፣ ሥራው እዚህ ላይ ይቁም፤ ካሊፐሩ ጥገና ይፈልጋል።

ሁለቱ ፒኖች ይውጡ፤ አሮጌው ቅባት ይጠረግ፤ ለፍሬን የተዘጋጀ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ቅባት ይቀቡ። ተራ ግራሶ አይሆንም፤ ከነዳጅ የተገኘ ቅባት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ጎሚኒም ፒኑን ጨምድዶ ይይዘዋል። ፒኖቹ በጣት ሲገፉ በቀላሉ መንሸራተት አለባቸው። የሸራው ጆሮዎች የሚቀመጡባቸው ቦታዎች ከዝገት ይጽዱ፤ አዲስ መያዣ ሳህኖች ከሸራው ጋር መጥተው እንደሆነ አሮጌዎቹ ይተኩ።

ከዚያም ተሸካሚው፣ ሸራዎቹ፣ ካሊፐሩ በተፈቱበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ይመለሳሉ። ብሎኖቹ የሚጠብቁበት ልክ በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ተጽፏል፤ በጉልበት መለኪያ ቁልፍ ይጠበቁ። የጎማው ዳዶዎች በብዙ የቶዮታ የቤት መኪኖች ላይ በ103 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ሲጠበቁም በዙር በተከታታይ ሳይሆን ተቃራኒ ለተቃራኒ ነው፤ ያለበለዚያ ዲስኩ ተጣሞ ይታሰራል፣ ያ ሁሉ የሞዞ ጽዳትም ከንቱ ይሆናል።

፰. ከመንቀሳቀስ በፊት

ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። ፒስተኖቹ ወደ ውስጥ ስለተገፉ በሸራውና በፒስተኑ መካከል ሰፊ ክፍተት አለ። የመጀመሪያው ርግጫ ይህን ክፍተት ይሞላል እንጂ መኪናውን አያቆምም፤ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ ማርሽም ከመግባቱ በፊት፣ ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ በቀስታ ይረገጥ። ይህን የረሳ ሰው ሥራውን ሁሉ በሚገባ ሠርቶ ከግቢው በር ሳይወጣ ከአጥሩ ጋር ይጋጫል፤ በበሩ ፊት ሰው ቆሞ ከነበረ ደግሞ ጉዳቱ አጥር ብቻ አይሆንም።

ፔዳሉ ከጠነከረ በኋላ የዘይቱ መጠን በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑ ይታይ። የጎደለ እንደሆነ በክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት ብቻ ይጨመር። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ስቦ ሲያረጅ ግን ወርዶ 140 ሊደርስ ይችላል። ዶት 4 ሲሆን ልኩ 230 እና 155 ነው። ስለዚህ ለዓመታት ያልተለወጠ ዘይት ባለበት መኪና ላይ አዲስ ሸራ መግጠም ከሥራው ግማሹን ብቻ መሥራት ነው።

አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ እስኪለማመዱ ድረስ በሙሉ ዐቅማቸው አይዙም። የሸራው ቁስ በስስ ሽፋን ወደ ዲስኩ ገጽ መተላለፍ አለበት። የሸራው አምራች የተለየ መመሪያ ካልሰጠ በቀር፣ ጭር ባለ መንገድ ላይ ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 10 ገደማ ሳያቆሙ በመጠነኛ ኃይል ዐሥር ጊዜ ያህል መቀነስ፣ በየመካከሉም ነፋስ እንዲያበርደው ጥቂት መንዳት ይበቃል። በጋለ ዲስክ ላይ ፔዳሉን ይዞ መቆም ሽፋኑን በአንድ ቦታ ያትመዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፊት ካለው መኪና መራቅ ግዴታ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላም የዳዶዎቹን ጥብቀት መልሶ መፈተሽ ያስፈልጋል።

፱. ድንበሩ

ባለመኪና በቤቱ የሚሠራው ሥራ እስከየት ነው? የእኔ መልስ ይህ ነው፦ የዘይቱ መንገድ እስካልተከፈተ ድረስ። ሸራና ዲስክ ሲለወጡ ዘይቱ ከቧንቧው አይወጣም፤ አየርም አይገባም። ቱቦ የተሰነጠቀ፣ ፒስተን የሚያፈስ፣ ፔዳል እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ወይም ቀስ እያለ የሚሰምጥ፣ ወይም የፍሬን መብራት በርቶ የማይጠፋ ከሆነ ግን ጉዳዩ ወደ መካኒክ መሄድ አለበት፤ መኪናውም ተጎትቶ እንጂ ተነድቶ አይሄድም። የራስን ድንበር ማወቅ የሙያ ማነስ ምልክት አይደለም። በዚህ ሥራ ላይ ሙያ ማለት ራሱ ይኸው ነው።

ከታዳሚዎች ከቀረቡት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ዲስክ ከመለወጥ ይልቅ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ አይቻልም ወይ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ነገር ግን መለካት ያለበት ከተላጠ በኋላ የሚተርፈው ውፍረት ነው። ከዝቅተኛው ልክ በላይ በቂ ትርፍ ከሌለ አይላጥም። የተላጠ ዲስክ ቀላል ስለሆነ ያው ሙቀት ሲያርፍበት ፈጥኖ ይግላል። ሁለቱ ገጾችም እርስ በርሳቸው ትይዩ ሆነው መውጣት አለባቸው። ረጅም ቁልቁለት ለሚያዘወትር መኪና አዲስ ዲስክ ይሻላል እላለሁ።

ጥያቄ፦ ሶማሌ ተራ ስንሄድ አንድ ዓይነት የሚመስል ሸራ በብዙ ዋጋ ይሸጣል። ፎርጂዱን በምን እንለይ?

መልስ፦ በዐይን ብቻ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ግን የሚመረመሩ ነገሮች አሉ። ሸራው ከብረት ጀርባው ጋር የተጣበቀበት መስመር ክፍተትና ስንጥቅ ሊኖረው አይገባም። የብረቱ ውፍረትና የጆሮዎቹ ልክ ከአሮጌው ጋር ይመሳከር። በአውሮፓ ደንብ ቁጥር 90 የተፈተነ ሸራ በክብ ውስጥ ፊደልና የአገር ቁጥር ይታተምበታል፤ ይህም ምልክት ሊመሰል ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከሁሉ የሚሻለው ደረሰኝ ከሚሰጥና ዕቃውን መልሶ ከሚቀበል ነጋዴ መግዛት ነው።

ጥያቄ፦ ካቫሌቶ የለኝም። ሁሉንም ሌላ ነገር በጥንቃቄ ብሠራ በድንጋይ ደግፌ መሥራት አልችልም?

መልስ፦ አይቻልም። ካቫሌቶ ይዋሱ ወይም ይግዙ፤ እስኪያገኙ ድረስ ሥራው ይቆይ። ሸራው ብረት ለብረት ደርሶ ከሆነም መኪናው ይቁም። ሥራው አንድ ሳምንት ቢዘገይ የሚያስከፍለው የታክሲ ሒሳብ ነው።